ወንድሜ አሜሪካ ገብቶ የሶሻል ካርዱ ሳይመጣ ቀረ፤ ምን ይሻላል?

የማርቆሷ (ደብረ ማርቆስ)

እንዴት ሰነበታችሁ የአገሬ ልጆች። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ጥያቄው የታላቅ ወንድሜ ነው፤ እሱ አሁን ለመጻፍ ጊዜም ልብም የለውም፣ ስለዚህ እኔ ልጠይቅለት።

ወንድሜ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በኢሚግራንት ቪዛ አሜሪካ ገብቷል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሚስቱ የአክስት ልጅ ቤት ነው ያረፉት። ከገቡ ወር አልፏቸዋል። ግሪን ካርዱ ይቆያል ስለተባልን እሱን እየጠበቅን ነው። ያስጨነቀን ሶሻል የሚሉት ቁጥር ነው፤ ሙሉ ስሙ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ እዚያ አገር የሰው ደመወዝና ግብር የሚመዘገብበት። በሦስት ሳምንት ውስጥ በፖስታ ይመጣል ተብለው ነበር፣ እስከ ዛሬ ግን ምንም የለም። አንድ መጋዘን ውስጥ ሥራ አግኝቶ ነበር፤ አለቃው «ቁጥሩን ካላመጣህ አትጀምርም» ብሎት ይኸው ቤት ተቀምጧል።

ፎርሙን የሞሉት እዚሁ ማርቆስ ኢንተርኔት ቤት ነው። ያኔ ኔቱ ይመጣል ይሄዳል፣ የሚሞላላቸው ልጅም ሰልፍ ስለነበረበት በጥድፊያ ነው የጨረሰው። ሶሻል ትፈልጋላችሁ ወይ የሚል ጥያቄ እንዳለው አሁን ነው የሰማነው። «አዎ» ተብሎ ይሁን «አይ» ተብሎ ማንም አያስታውስም።

አሁን ደግሞ እዚያው ያለ አንድ የኛው ሰው «150 ዶላር ስጠኝ፣ በሳምንት ቁጥሩን አወጣልሃለሁ» ብሎታል። ወንድሜ ከጭንቀቱ የተነሳ ሊከፍል ነው። እኔ ግን ልቤ አልወደደውም። ለቲኬት ባሕር ዛፋችንን ሸጠን፣ የጎደለውን ከዘመድ ተበድረን ነው የሸኘናቸው። 150 ዶላር እኛ ዘንድ ስንት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

እና እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። ይጠብቅ ወይስ ራሱ ይሂድ? ቢሄድስ ምን ይዞ? ያለ ቁጥሩ ሥራ መጀመር አይቻልም ወይ? ልጆቹስ ያስፈልጋቸዋል? ትልቋ 14 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 6።

ደጀን በር (ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ደውዪለትና ያንን 150 ዶላር እንዳይሰጥ ንገሪው። ቁጥሩ የሚወጣው በነጻ ነው። ማመልከቻውም ካርዱም በነጻ ነው፣ በፖስታ ሲልኩትም አያስከፍሉም። ሰውየው ሊሸጥለት የፈለገው ወንድምሽ ራሱ ሄዶ የሚያገኘውን ነገር ነው። ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያወጣ አዋቂ ሰው ባለጉዳዩ ራሱ ሳይቀርብ አይሆንም፤ ስለዚህ ሰውየው ገንዘቡን ተቀብሎ እንኳ ወንድምሽን ወደዚያው ቢሮ ከመውሰድ በቀር የሚያደርግለት የለም።

አሠራሩን ልንገርሽ። ለኢሚግራንት ቪዛ የሚሞላው ዲኤስ-260 የሚባለው ፎርም ሶሻል ሴኩሪቲን የሚመለከቱ ጥያቄዎች አሉት። አንዱ፣ መሥሪያ ቤቱ ቁጥርና ካርድ እንዲያወጣልህ ትፈልጋለህ ወይ ይላል። ሌላው፣ ለዚህ ሲባል መረጃህ ለሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት እንዲሰጥ ትፈቅዳለህ ወይ የሚል ነው። ሁለቱም ላይ «አዎ» መባል አለበት፣ አንዱ ብቻ አይበቃም። ሁለቱም አዎ ከሆኑ ሰውየው አሜሪካ ገብቶ አየር ማረፊያው ላይ ሲመዘገብ መረጃው ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ያልፋል፣ እነሱም ካርዱን አትመው በሦስት ሳምንት ገደማ ይልካሉ። እስከዚህ ድረስ ከባለጉዳዩ የሚፈለግ ነገር የለም።

የሚልኩት ግን ወንድምሽ አሁን ወዳለበት ቤት ላይሆን ይችላል፤ ለቪዛው ተብሎ ወደተሰጠው አድራሻ ነው የሚልኩት። እስኪ ጠይቂው፣ ፎርሙ ላይ የሞሉት አድራሻ የማን ነበር? ከአገር ቤት ሲሞላ ያኔ በስልክ የተገኘው ዘመድ አድራሻ ይሰጣል፣ ሲመጡ ደግሞ ቦታ ያለው ሌላ ዘመድ ይቀበላቸዋል፣ ካርዱ ወደ መጀመሪያው ቤት ይሄዳል። ትክክለኛው ቤት ቢሆንም አፓርትመንት ከሆነ የፖስታ ሳጥኑ ላይ የወንድምሽ ስም መለጠፍ አለበት። ፖስተኛው የማያውቀው ስም ሲያይ መልሶ ሊወስደው ይችላል።

አሁን ግን ወር ካለፈው መጠበቁ ይብቃው። በ1-800-772-1213 ደውሎ ቀጠሮ ይያዝና ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በአቅራቢያው ወዳለው የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ይሂድ። የሁሉንም ፓስፖርት ይያዝ፤ ቪዛው ያለበት ገጽ ላይ ሲገቡ የተመታው ማኅተም መኖሩን ይይ። ያ ማኅተም የተመታበት ቪዛ ግሪን ካርዱ እስኪመጣ ድረስ ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። የልደት የምስክር ወረቀታቸውንም ይያዙ። ማመልከቻው ኤስኤስ-5 ይባላል፣ እዚያው ቢሮ ይሰጧቸዋል። የሚቀበሉት ዋናውን ሰነድ ወይም ሰነዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ራሱ ያረጋገጠውን ቅጂ ብቻ ነው። ተራ ኮፒ አይቀበሉም፣ እኛ አገር ውልና ማስረጃ እንደሚያረጋግጠው ዓይነት ኮፒም ቢሆን አይሆንላቸውም። አይተው እዚያው ይመልሱላቸዋል፣ አይፍሩ።

ፎርሙ ላይ «አይ» ተብሎ ከሆነ እንደ አዲስ ያመለክታሉ። «አዎ» ተብሎ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ወጥቶ ካርዱ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል፣ ያኔ ምትክ ካርድ ይጠይቃል፣ ቁጥሩ ያው ነው። በሁለቱም መንገድ ቢሮው ያውቀዋል፣ ስለዚህ ኢንተርኔት ቤት ያለውን ልጅ መፈለግ አያስፈልጋችሁም። ሰነዱን ከኢሚግሬሽን ጋር አመሳክረው ሲጨርሱ ካርዱ ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደርሳል፤ ማመሳከሩ ከዘገየ ግን ትንሽ ይቆያል።

ዳሞት (ሚኒሶታ)

የሥራውን ጥያቄ እኔ ልመልስ፣ ሥራዬ ሰው መቅጠር ስለሆነ። ከአንድ ትልቅ ሆቴል የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው።

ወንድምሽ ቁጥሩ እስኪመጣ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የለበትም። የመሥራት መብቱ ከካርዱ የመጣ አይደለም፣ አገሩ ውስጥ በቋሚ ነዋሪነት ከመግባቱ የመጣ ነው። እዚህ አገር ማንኛውም ቀጣሪ ሠራተኛ ሲቀጥር አይ-9 የሚባል ፎርም ይሞላል፤ የሠራተኛውን ማንነትና የመሥራት ፈቃድ የሚያረጋግጥበት ነው። ለዚያ ፎርም የትኛውን ሰነድ እንደሚያቀርብ የሚመርጠው ሠራተኛው ነው። ማኅተም የተመታበት ቪዛ ያለው ፓስፖርት ብቻውን ይበቃል፤ ሌላ ምንም ሳይጨመርበት። ቀጣሪው «ይሄን አልቀበልም፣ የሶሻል ካርድ ካላመጣህ» ማለት አይፈቀድለትም።

እርግጥ ቀጣሪው ቁጥሩን ለደመወዝና ለግብር ይፈልገዋል። ግን ሠራተኛው አመልክቶ እየጠበቀ ከሆነ ሥራ ይጀምራል፣ ቁጥሩ ሲመጣ ይሰጠዋል። ኢ-ቬሪፋይ የሚባለውን የኮምፒውተር ማጣሪያ የሚጠቀሙ ድርጅቶችም እንኳ ቁጥር ያልደረሰው ሠራተኛ ሲኖር ማጣሪያውን ቁጥሩ እስኪመጣ ያቆዩታል፣ እሱ ግን እየሠራ ነው የሚጠብቀው። ብዙ ትንንሽ አለቆች ይህን አያውቁም። ክፋት ሳይሆን አለማወቅ ነው፣ ከቅጣት ፈርተው ነው። ስለዚህ ወንድምሽ መጀመሪያ በትሕትና ያስረዳው። ቢሮ ሄዶ ሲያመለክት የሚሰጡትን ደረሰኝ ያሳየው። እምቢ ካለ በፌዴራል ፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ለስደተኛ ሠራተኞች መብት የሚቆም ክፍል አለ፤ የሠራተኞች ስልኩ 1-800-255-7688 ነው፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። እነሱ አንዳንዴ ለቀጣሪው ራሳቸው ደውለው ያስረዱታል። ደዋዩ ስሙን መናገር እንኳ አይገደድም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሥራው በእጅ ይከፈልህ፣ ቁጥር አያስፈልግም የሚል ቢመጣ እንዳይቀበል። ገና ሲጀምር በወረቀት ያልተመዘገበ ሥራ መልመድ በኋላ ብዙ ነገር ያሳጣዋል።

የማርቆሷ

ኧረ እድሜ ይስጥልኝ! ደውዬለት ገንዘቡን አልሰጠም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቀጠሮም ይዟል። አድራሻውን ስጠይቀው ደግሞ ደጀን በር ያለው ሆኖ አገኘነው፦ ፎርሙ ላይ የተሞላው ቨርጂኒያ ያለ የሌላ ዘመዳችን አድራሻ ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ከዚያ ቤት ለቋል።

አሁን ሌላ ጭንቀት መጣ። ስሙ ነው። ፓስፖርቱ ላይ የወንድሜ ስምና የአባታችን ስም አንድ መስመር ላይ ነው፣ የአያታችን ስም ደግሞ ሰርኔም በሚለው ቦታ። የአያታችን ስም ኃይለ ማርያም ነው፣ ፓስፖርቱ ላይ አንድ ላይ ተያይዞ ነው የተጻፈው። የሚስቱ የአክስት ልጅ «ማመልከቻው ላይ የአባታችሁን ስም እንደ ቤተሰብ ስም አድርግና አጭር ይሁንልህ፣ ሚስትህም ያንኑ ትያዝ፣ እዚህ አገር ባልና ሚስት አንድ ስም ካልያዙ ልጆቹ ይቸገራሉ» አለችው። ሚስቱ ደግሞ አልቀበልም አለች፣ የአባቷን ስም ለምን ትጣል? እኔም ከሷ ጋር ነኝ። ግን እውነት ልጆቹ ይቸገራሉ?

ጮቄ (ዴንቨር)

ልጄ፣ የወንድምሽ ሚስት ትክክል ናት። በዕድሜዬ የገፋሁ ነኝ፣ እዚህ አገር ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ ስለዚህ ይህን ነገር ረጋ ብለሽ ስሚኝ።

ማመልከቻው ላይ የሚጻፈው ፓስፖርቱና ቪዛው ላይ ያለው ስም ነው። እንዳለ። ፊደሉ ሳይቀር። ቢሮው ራሱ የሚመዘግበው የኢሚግሬሽን ሰነዱን አይቶ ነው። ኃይለ ማርያም አንድ ላይ ከተጻፈ አንድ ላይ ይጻፍ፤ ለያይተው ከጻፉት «ኃይለ» አንድ ስም፣ «ማርያም» ሌላ ስም ይሆንና ሰውየው በሁለት መሥሪያ ቤት ሁለት ዓይነት ሰው ይሆናል። ሰርኔም ቦታ ላይ የአያት ስም ካለ ያ የቤተሰብ ስሙ ነው፣ አበቃ። በኋላ መቀየር ከፈለገ ዜግነት ሲወስድ በሕጋዊ መንገድ መቀየር ይችላል፣ ያኔ አስቦበት ያድርገው። አሁን መስኮቱ ላይ ቆሞ የሚቀየር ነገር አይደለም።

ለምን እንዲህ እንደማጠብቅ ልንገርሽ። ይህ ቁጥር ከመነሻው ለጡረታ ሲባል የወጣ ነው። ሕጉ በ1935 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጊዜ ወጣ፣ ቁጥር መስጠት የጀመሩት በቀጣዩ ዓመት ነው። ዛሬ ባንኩም ብድሩም ሁሉም ስለሚጠይቀው ሰው የመታወቂያ ቁጥር ይመስለዋል፤ ዋና ሥራው ግን የሠራሽውን ገንዘብ በስምሽ መመዝገብ ነው። ቀጣሪው በየዓመቱ መጨረሻ ለሶሻል ሴኩሪቲ «ይህ ሰው ይህን ያህል አገኘ» ብሎ ይልካል። እነሱ ስሙንና ቁጥሩን አመሳክረው በሰውየው መዝገብ ያስገባሉ። ስሙና ቁጥሩ ካልገጠመ ገንዘቡ የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ባለቤት እስኪገኝለት ለብቻው የሚቀመጥበት መዝገብ አለ፣ እዚያ ይገባል። ጡረታ ለመውጣት 40 የሥራ ነጥብ ያስፈልጋል፣ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ 4 ነው፣ ማለት ቢያንስ አሥር ዓመት ሥራ። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሣ ያደረ ሰው የዚያ ዓመት ድካሙ በስም ምክንያት ከመዝገቡ ቢጎድል አያሳዝንም? ስንቱ አበሻ ነው ጡረታው ሲደርስ የድሮ ደመወዝ ወረቀት ፍለጋ የሚሮጠው። ካርዱ ላይ፣ ሥራ ቦታ፣ ባንክ፣ መንጃ ፈቃድ ላይ አንድ ዓይነት ስም ይኑር።

የሚስት ስምን በተመለከተ፣ እዚህ አገር ሴት የባሏን ስም እንድትይዝ የሚያስገድድ ሕግ የለም። በየራሳቸው ስም ተጋብተው የሚኖሩ ስንት ናቸው። ልጆቹም አይቸገሩም፤ የእናታቸው ስም ከነሱ ቢለይ የልደት ወረቀታቸው እናታቸው ማን እንደሆነች ይናገራል። ያንን ወረቀት በደንብ ይያዙ እንጂ የአባቷን ስም እንዳትጥል። የአባት ስም ለኛ ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም።

የትውልድ ቀንም እንደ ስሙ ነው። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 5 ቀን 1985 የተወለደ በነሱ ጁላይ 12 ቀን 1993 ይሆናል፤ መስከረም 10 ቀን 1985 የተወለደው ግን ሴፕቴምበር 20 ቀን 1992 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት መሆኑን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ስለዚህ በቃላቸው እያሰሉ እንዳይሞሉ። ፓስፖርቱን ከፍተው ይገልብጡት።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

እኔ ያለሁት ባሕር ዳር ነው፣ ውጭ የለሁም። ግን ባለቤቴ እዚያ ስላለ ይህን ጉዳይ አብረን ተምረነዋል። ስለዚያ 150 ዶላር ሰውዬ አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ሌላም ሰው እንዲህ ይጠየቃል።

እንዲህ ዓይነት ሰዎች አንዳንዴ የሚሰጡት ቁጥር ሶሻል አይደለም። አይቲን የሚባል ሌላ ቁጥር አለ፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው፣ ሶሻል ማግኘት ለማይችሉ ሰዎች ግብር መክፈያ የሚሆን። እሱም እንደ ሶሻል ባለ 9 አኃዝ ስለሆነ ለማያውቅ ሰው አንድ ይመስላል። መለያው መጀመሪያው ነው። አይቲን በ9 ይጀምራል። ትክክለኛ የሶሻል ቁጥር በ9 ጀምሮ አያውቅም፣ በሦስት ዜሮም በ666ም አይጀምርም። በአይቲን ሥራ አይቀጠሩበትም። ከዚህ የባሰው ደግሞ የሌላ ሰው ቁጥር የሚሰጡ ናቸው፣ የሕፃን ወይም የሞተ ሰው። በዚያ መሥራት ወንጀል ነው፣ በኋላ ዜግነት ሲጠየቅ ይወጣል። ሕጋዊ ቪዛ ይዞ የገባ ሰው ለምን እዚያ ውስጥ ይገባል?

ሌላው፣ እህቴ፣ ይህ ለአንቺም ለኔም ነው። ካርዱ ሲመጣ ደስ ስለሚለን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልን እንላለን። አይላክ። በቴሌግራም በየቤተሰብ ግሩፑ የተላከ የካርድ ፎቶ ስንት እጅ ላይ እንደሚደርስ አይታወቅም፣ በዚያ ቁጥርና በትውልድ ቀኑ ሌላ ሰው ብድር ሊያወጣበት ይችላል። መጣልኝ ካለሽ ይበቃል። እሱም ኪሱ ይዞት እንዳይዞር፣ ቁጥሩን በቃሉ ይያዝና ካርዱን ቤት ያስቀምጥ። የጠፋ ካርድ ይተካል፣ ግን በዓመት ከ3፣ በዕድሜ ልክ ከ10 አይበልጥም።

ስልክ ደውሎ «ከሶሻል ሴኩሪቲ ነው፣ ቁጥርህ ታግዷል፣ ገንዘብ ላክ» የሚልም አለ። አዲስ የገባ ሰው እንግሊዝኛው ስለሚፈጥንበት ይደነግጣል። ቁጥር የሚታገድ ነገር አይደለም። ስልኩን ይዝጋው።

የቡሬ ልጅ (ሚኒሶታ)

ልጆቹን ማንም አልመለሰላትም፣ እኔ ልግባ። ለልጆቹም ይውጣላቸው፣ በዚያው ቀን አብረው ይውሰዷቸው። ለትንሹ ወላጅ ፈርሞ ማመልከት ይችላል። ትልቋ ግን 12 ዓመት ስላለፋት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ራሷ መቅረብ አለባት፣ ቀድሞ ቁጥር ወጥቶላት እንደሁ ይጠይቋታል። ከትምህርት ቤት አንድ ቀን ትቅር።

የሚያስፈልግበት ዋና ምክንያት ግብር ነው። ወንድምሽ በዓመቱ መጨረሻ ግብር ሲያሳውቅ ለልጅ የሚታሰብ ቅናሽ አለ፣ ደህና ገንዘብ ነው፣ እሱን የሚያገኘው ልጁ የሶሻል ቁጥር ካለው ነው፤ ቁጥሩም ግብር ማሳወቂያው ቀን ከማለፉ በፊት መውጣት አለበት። ለትምህርት ቤት ግን አያስፈልግም። የመንግሥት ትምህርት ቤት «ሶሻል ከሌለው አልመዘግብም» ማለት አይችልም። ይህን የምለው አንዳንድ ሰው ቁጥሩ እስኪመጣ ልጆቹን ቤት ስለሚያስቀምጥ ነው። እስካሁን ካላስመዘገቧቸው ነገ ያስመዝግቧቸው!

ባንክም አንዱ በፓስፖርት ይከፍታል፣ አንዱ ቁጥሩን ካላየ አይከፍትም። ሁለት ሦስት ባንክ ገብቶ ይጠይቅ።

የማርቆሷ

ሄደው ተመለሱ! ልነግራችሁ ቸኩዬ ነው። እናታችን እግዜር ይስጣቸው ብላለች፣ ስማችሁን ባታውቅም።

ቢሮው ውስጥ ሲያዩት የወንድሜና የሚስቱ ቁጥር ወጥቶ ኖሯል። ፎርሙ ላይ «አዎ» ነበር የተባለው፣ ያንን ምስኪን ልጅ በከንቱ ነው የጠረጠርነው። ካርዱ ወደዚያ ወደ ድሮው የቨርጂኒያ ቤት ሄዶ ነው የጠፋው። ምትክ ጠይቀዋል፣ አድራሻውን አስተካክለዋል። ለልጆቹ እዚያው አመለከቱ፣ ትልቋም የሚጠይቋትን በእንግሊዝኛ መለሰች ብሎ አባቷ ኩራቱ አይጣል ነው። እሱና ሚስቱ ግን ሁሉም አልገባቸውም ነበር፤ ከጎናቸው የነበረ ሰው ነው ያገዛቸው። ለሚቀጥለው ጊዜ አስተርጓሚ ይዘው መሄድ አለባቸው?

የመጋዘኑ አለቃ ደረሰኙንና ፓስፖርቱን አይቶ ከሰኞ ጀምሮ ና ብሎታል። ዳሞት፣ አንቺ የነገርሽንን ነው በወረቀት ጽፈን የሰጠነው።

ሌላ የቀረ ነገር አለ ወይ?

ዳሞት

እልል! ደስ ብሎኛል። አስተርጓሚ ይዘው መሄድ የለባቸውም። ሶሻል ሴኩሪቲ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባል፣ አማርኛም አለ፣ ብዙ ጊዜ በስልክ ነው የሚያገናኙት። ሲደውሉም መስኮቱ ላይ ሲቆሙም «አማርኛ» ማለት ይበቃል። ልጅቷን ለቤተሰቡ ጉዳይ ሁሉ አስተርጓሚ እንዳያደርጓት፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ጎበዝ ስለሆነች ሸክሙ ሁሉ እሷ ላይ ይወድቃል፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የቤት ኪራይ ውልና የሐኪም ወረቀት ስታነብ ማደግ የለባትም።

ደጀን በር

የቀረ አለ፣ ዋናው። ሶሻል ሴኩሪቲ ጋ አድራሻ ማስተካከል ኢሚግሬሽን ጋ አያስተካክልም፣ ሁለቱ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ግሪን ካርዱም ወደዚያው ወደ ድሮው ቤት ሊሄድ ነው ማለት ነው። ቋሚ ነዋሪ አድራሻ ሲቀይር በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ በሕግ ግዴታው ነው፣ ፎርሙ ኤአር-11 ይባላል፣ ኢንተርኔት ላይ ይሞላል፣ ክፍያ የለውም። ዛሬ ማታ ከሥራ በፊት ይሙሉት፣ ለአራቱም፣ ለየአንዳንዳቸው። የቨርጂኒያው ዘመዳችሁም ድሮ ቤቱ አሁን ያለውን ሰው ሄዶ ያናግር፤ ካርዶቹ እዚያ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል፣ የሰው ቁጥር ያለበት ወረቀት እዚያ መቅረት የለበትም።

የማርቆሷ

አሁኑኑ እደውላለሁ። የቨርጂኒያው ዘመዳችን ቅዳሜ እሄዳለሁ ብሏል።